ደረሰኙ የታለ? ሜቴክ፣ ማዳበሪያና የጎጃም ገበሬ



ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአሜሪካ ደወለልኝ። ፍኖተ ሰላም ታሪክ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን ቨርጂኒያ ይኖራል። ስለ ዝናቡም ስለ እናቱ ጤናም ተጨዋውተን ስንጨርስ እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ እዚህ አገር የጦር መሣሪያ የሚሠራ ኩባንያ ምክር ቤቱን ለማግባባት በዓመት ስንት እንዳወጣ፣ በስሙ የተሰበሰበው መዋጮ ለየትኛው ፖለቲከኛ እንደሄደ፣ ከመንግሥት ስንት ኮንትራት እንዳገኘ ቁጭ ብዬ በስልኬ አያለሁ። እኛ አገርስ እንዲህ ያለ ኩባንያ ነበረን? ከነበረንስ ገንዘቡ የት ገባ?»

በስልክ የሚመለስ አልነበረም። «ጽፌ እመልስልሃለሁ» አልኩት። ይኸው ጻፍኩ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

*

መጀመሪያ እሱ ካለበት አገር ልነሳ። ሎክሂድ ማርቲን የሚባለው ኩባንያ ከአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ኮንትራት ያገኛል። የምክር ቤት ሰዎችን ለማግባባት ደግሞ በየዓመቱ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት አግባቢው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደቀጠረው፣ በየትኛው ጉዳይ እንደተነጋገረና ስንት እንደተከፈለው ተመዝግቦ ለሕዝብ ይወጣል። የመንግሥት ኮንትራት ያለው ኩባንያ ለፌዴራል ዕጩ ከካዝናው መስጠት አይፈቀድለትም፤ ሠራተኞቹ በሚያዋጡት ኮሚቴ በኩል ግን ይሰጣል። እሱም ይመዘገባል።

ይህ ማለት አሜሪካ ንጹሕ ናት ማለት አይደለም። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ራሱ ጄኔራል የነበረ ሰው ነው፤ በ1961 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ሊለቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ለሕዝቡ ባደረገው ንግግር የጦሩና የጦር መሣሪያ ፋብሪካው ጥምረት ያልተገባ ሥልጣን እንዳይዝ ተጠንቀቁ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥምረቱ ገዘፈ እንጂ አልቀነሰም። ቢሆንም ደረሰኙ አለ። ጠያቂ ሲመጣ የሚያየው ወረቀት አለ።

የሚገርመው የእኛም መንግሥት በዚያ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. ኤች አር 2003 የተባለው የኢትዮጵያ የዴሞክራሲና የተጠያቂነት ረቂቅ ሕግ በአሜሪካ ምክር ቤት ሲታይ፣ መንግሥታችን ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለ ትልቅ የሕግ ድርጅት ቀጥሮ ይሟገት ነበር። ረቂቁ በታችኛው ምክር ቤት አለፈ፤ ሴኔት ደርሶ ግን እዚያው ቀረ። ለዚያ ሥራ የተከፈለውን ዋሽንግተን ያለ ሰው መዝገብ ከፍቶ ያየዋል። ግብሩን የከፈለው የቡሬ ገበሬ ግን የሚከፍተው መዝገብ የለውም። የኔ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

*

ወደ አገራችን ልመለስ።

የጦር መሣሪያ በአገር ውስጥ የመሥራት ምኞት ድሮም ነበረ። አጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀልጠዋል። ሴባስቶፖልን ያህል ብረት መቅደላ ድረስ ያስጎተቱት ያንን ምኞት ተሸክመው ነው። ምኞቱን አከብራለሁ። የኋላ ኋላ ከመከላከያ ፋብሪካዎቻችን አንዱ «ጋፋት» ተብሎ የተሰየመውም በዚያው ትዝታ ነው።

የአየር ኃይላችን ታሪክ ሌላ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በስዊድኖች ተጀምሮ፣ ግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው የመከላከያ ስምምነት የጎለበተ ነው። እኛ አሥመራ ላይ ለቃኘው ጣቢያ ቦታ ሰጠን፤ እነሱ መሣሪያና ሥልጠና ሰጡን። ውሉን የተዋዋሉት ሁለት መንግሥታት ናቸው። መሣሪያው በማን ላይ እንደሚውል ባላገሩን የጠየቀ አልነበረም።

በማን ላይ እንደዋለ ጎጃም ከሌላው ቀድሞ አየ። ኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አሥራት ቀርቶ ግብሩ በምርት ግምት ይሆናል ተባለ። ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፣ ክፍል ውስጥ ስናወራው ሁሌ የምነግራችሁ ነገር ነበር፦ ለጎጃም ባለርስት የግብር ደረሰኝ ተራ ወረቀት አልነበረም። በጨርቅ ተጠቅልሎ ሰንዱቅ ሥር ይቀመጣል፤ ሙግት ሲነሳ «በዚህ መሬት ላይ አባቴ ገብሯል፣ እኔም ገብሬበታለሁ» ተብሎ ይወጣል። የገበረ ሰው ባለመብት ነው። ስለዚህ ገማች ሊመጣ ነው ሲባል ባላገሩ የሰማው ግብር ተጨመረ የሚለውን ብቻ አልነበረም፤ ርስቴ ሊለካና ሊወሰድ ነው ብሎም ነው የሰማው። ከሞጣና ከቢቸና እስከ ዳሞት ድረስ ገማች አናስገባም አለ። ቀጥሎ አመጹ ሲበረታ ጦር ዘመተ፤ የአየር ኃይል አውሮፕላኖችም በገጠር መንደሮች ላይ ቦምብ ጣሉ።

በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ለዘብ አሉ። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። አመጹ ግቡን ከሞላ ጎደል አገኘ ማለት ይቻላል። ከዚያ ታሪክ የምይዘው ግን አንድ ነገር ነው፦ ገበሬው ስለ ግብሩ ጠየቀ፤ የመጀመሪያው መልስ በአየር ላይ መጣ።

*

ደርግ የጦር ፋብሪካውን አሰፋ። አምቦ አጠገብ ያለው የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራው በዚያ ዘመን ነው። ቢሾፍቱ ላይም ታንክና ከባድ ተሽከርካሪ የሚጠግን ፋብሪካ ቆመ። ኢሕአዴግ ሲገባ እነዚህን ሁሉ ወረሰ።

ከዚያ 2002 ዓ.ም. መጣ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 183 የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽንን አቋቋመ። ሜቴክ የምንለው እሱን ነው። የተፈቀደለት ካፒታል 10 ቢሊዮን ብር ነው። ሆሚቾን፣ ጋፋትን፣ ደጀን አቪዬሽንን፣ የቢሾፍቱውን የተሽከርካሪ ፋብሪካ ከመሳሰሉት ወታደራዊ ድርጅቶች ጋር የአዳማው ትራክተር መገጣጠሚያና የአቃቂው የመለዋወጫ ፋብሪካም ተጨመሩበት። ጥይትና ትራክተር በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ ማለት ነው። የበላይ ተቆጣጣሪው የመከላከያ ሚኒስቴር፣ ዋና ዳይሬክተሩ ጄኔራል ክንፈ ዳኘው ነበሩ።

እውነቱን ልናገር፣ ሐሳቡ ሲቀርብ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ቦርድ ላይ ስለ ጋፋት ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። በሰላም ጊዜ ወታደሩ ማሽን ይሥራ፣ ዶላር እናድን፣ ከውጭ የምንገዛውን ራሳችን እንሥራ ሲባል ማን ይጠላል? ክፉው ነገር ሐሳቡ ላይ አልነበረም፤ ሥራው የተሰጠበት መንገድ ላይ ነው።

ሥራው እንደ ጎርፍ መጣለት። የህዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካልና የብረታ ብረት ሥራ፣ በ25 ቢሊዮን ብር ገደማ። በለስን ጨምሮ በርካታ የስኳር ፋብሪካዎች። ኢሉ አባ ቦራ ላይ ከድንጋይ ከሰል ዩሪያ የሚያመርተው የያዩ የማዳበሪያ ፋብሪካ፣ ከ11 ቢሊዮን ብር በላይ። ከዚህ በፊት ግድብ ያልሠራ፣ ስኳር ፋብሪካ ያልተከለ፣ ዩሪያ ያላመረተ ድርጅት ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያዘ። ያለ ውድድር።

*

አሁን ተማሪዬ ወደጠየቀኝ ወደ ማግባባቱ ልምጣ።

ሜቴክ እንደ ሎክሂድ አግባቢ መቅጠር ያስፈልገው ነበር? አያስፈልገውም! ማንን ሊያግባባ? ሻጩ የመንግሥት፣ ገዢው የመንግሥት፣ ገንዘቡን የሚያበድረው ንግድ ባንክም የመንግሥት። ስኳር ኮርፖሬሽን ያዛል፣ ሜቴክ ይቀበላል፣ ባንኩ ይከፍላል። ሦስቱም ተጠሪነታቸው ወደ አንድ ቤት ነው። በጎጃምኛ «አማችም ሚዜም ራሱ» እንደማለት ነው።

«ምክር ቤቱስ?» ትሉኝ ይሆናል። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም መቀመጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙ። አንዳንድ አባላት ስለ ያዩና ስለ ስኳር ፋብሪካዎቹ መዘግየት ጠንከር ያለ ጥያቄ አንስተዋል፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ጠያቂውም ተጠያቂውም የአንድ ግንባር ሰዎች ሲሆኑ ጥያቄው የት ይደርሳል? የሚያስፈራው ተቃዋሚ፣ የሚያጣው ወንበር የለም።

ሕጉም ክፍተት ነበረው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የግዢ አዋጅ፣ ቁጥር 649፣ ጨረታን የመሠረት ደንብ ያደርጋል። የሚገዛው ግን በመንግሥት በጀት የሚተዳደሩትን መሥሪያ ቤቶች ነው፤ የልማት ድርጅቶች በየራሳቸው መመሪያ ይገዙ ነበር። እኛ ትምህርት ቤት አንድ ፓኬት ጠመኔ ለመግዛት ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ስንሰበስብ እንውላለን፤ በቢሊዮን የሚያዘው ድርጅት ግን ያ ግዴታ አልነበረበትም።

ውጤቱን ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ፀጋዬ መግለጫ ሲሰጡ ሰማን። በ6 ዓመት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ አገር ግዢ ያለ ጨረታ ተፈጽሟል አሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሁለት መርከቦች፣ አሮጌ አውሮፕላኖች፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴሎች ተገዝተዋል ተባለ። ጥይት ሊሠራ የቆመ ድርጅት ሆቴል ምን ያደርግለታል? ጄኔራሉም በዚያው ሳምንት ተይዘው በሄሊኮፕተር ሲመጡ በቴሌቪዥን አየን። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ብዙ ተንገላቷል። እኔ እዚህ የማንንም ሰው ጥፋተኝነት አልፈርድም፤ የዳኛ ሥራ ነው። ደግሞም ጉዳዩን የአንድ ሰው ወይም የአንድ ብሔር ሌብነት አድርጎ ማየት የሚቀናቸው አሉ። እኔ አይቀናኝም። የተዘረጋው አሠራር ማንንም ቢያስቀምጡበት ያሳስት ነበር።

የፖለቲካ ወጪስ? እሱም ነበረ፤ መልኩ ይለያል እንጂ። ሜቴክ ለምርጫ ዘመቻ አዋጣ አልልም። ግን እነዚያን የቴሌቪዥን ዶክመንተሪዎች ታስታውሳላችሁ? ብልጭታው፣ ማሽኑ፣ ቱታ የለበሱት ወጣቶች፣ «ይቻላል!» የሚለው ድምፅ። ዐቃቤ ሕግ ካነሳቸው ጉዳዮች አንዱ ለማስታወቂያና ለፕሮግራም የወጣው ገንዘብ ነበር። ሌላው አገር ኩባንያው ገንዘብ አውጥቶ ፖለቲከኛውን ያሳምናል። እኛ ጋ ፖለቲከኛው አስቀድሞ ስላመነ፣ ገንዘቡ የወጣው እኛን ለማሳመን ነው። አሳመነንም።

*

እስቲ አሁን ኪሳራውን ከአዲስ አበባ አውርደን ወደ መንደራችን እናምጣው።

በለስ ሩቅ አይደለም። ከቡሬ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ ወደ ጃዊ ቆላ መውረድ ነው። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ብዙ ወጣት «ስኳር ፕሮጀክት ሥራ አለ» ብሎ ወረደ። አገዳው ተተከለ፣ ደረሰ። ፋብሪካው ግን አልደረሰም። አገዳ እንደ ጤፍ ተወቅቶ ጎተራ አይገባም፤ በጊዜው ካልተፈጨ ያረጃል። በሺህ ሄክታር የሚቆጠር አገዳ ማሳው ላይ አረጀና ተወገደ። ሥራው ከሜቴክ ተወስዶ በቻይና ኩባንያ እጅ የመጀመሪያው ፋብሪካ ሥራ እስኪጀምር ስንት ክረምት አለፈ! በዚህ መሐል ስኳር በቀበሌ ሰልፍ፣ በኪሎ ተለክቶ ነበር የምናገኘው።

ግድቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል እኛ መምህራን የአንድ ወር ደመወዛችንን ሰጠን፤ በየወሩ እየተቆረጠ ነው ያለቀው። ገበሬው ከማዳበሪያና ከግብር ጋር ቦንድ ገዛ። ተማሪው ከዳቦው ቀነሰ። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ የሜቴክ ውል እንደሚቋረጥ ሲናገሩ፣ ድርጅቱ የግድብ ልምድ ሳይኖረው ሥራውን መያዙን፣ በእሱም ምክንያት ፕሮጀክቱ መጓተቱን ገለጹ። ከዚያ ወር ቀደም ብሎ ኢንጂነር ስመኘው በቀለን መስቀል አደባባይ ላይ ሞተው አገኘናቸው። ያን ሐምሌ እንዴት እንዳለቀስን አልረሳውም። ግድቡ በሌሎች ተቋራጮች ቀጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አምላክ ይመስገን። ደስታዬ እውነተኛ ነው። የቆረጡት ደመወዜ ግን ስንት ዓመት በመጓተት እንደባከነ ዝርዝሩን የነገረኝ የለም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ያዩ ነው።

ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ነው። ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬ፣ ወምበርማ፣ ደምበጫ፤ ይህ አፈር ሲበላ ያበላል፣ ዩሪያ ካጣ ግን በቆሎው ጉልበቱ ሳይደርስ ቢጫ ይሆናል። ዩሪያው ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። በዶላር ይገዛል፣ ጂቡቲ ይራገፋል፣ በመኪና ተጭኖ በሰኔ ጭቃ ይደርሳል። ከደረሰ። ያዩ እንደታሰበው በሁለትና በሦስት ዓመት ቢያልቅ ኖሮ ሁሉንም ባይሸፍን እንኳ ከፊሉ የአገር ቤት ይሆን ነበር። ስድስት ዓመት ቆይቶ ግማሽ ሳይደርስ ውሉ ተቋረጠ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ማዳበሪያ ጠፋ። የክልላችን ገበሬዎች ሰልፍ ወጡ። ያን ሰሞን ወደ ማንኩሳ መንገድ ላይ አንድ የማውቃቸው አባት አገኘሁ። ከማኅበሩ ሦስተኛ ቀን ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ነው። አህያቸው ባዶ ጆንያ ተሸክማለች። ሰላምታ ሰጥቻቸው ምን ተገኘ ስላቸው፦

«ምን ይገኛል መምህር። ቆየኝ እስቲ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ያኔ የማዳበሪያ ፋብሪካ እንሠራለን ብለው አልነበረም? ስብሰባ ላይ ተነግሮን አጨብጭበናል'ኮ።»

«ብለው ነበር አባቴ።»

«ታዲያ ምን ዋጠው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ደንብ ቁጥሩን፣ ዓመቱን፣ የብሩን መጠን አውቃለሁ። እሳቸው ፊት ሆኜ ግን ቃል አጣሁ። «ያለቀ አልመሰለኝም» ብዬ አለፍኩ። በልቤ አፈርኩ።

ዕዳውስ? ዕዳው አልጠፋም። በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የስኳር ኮርፖሬሽንን፣ ያዩን ያሠራ የነበረውን የኬሚካል ኢንዱስትሪ ኮርፖሬሽንን፣ የሜቴክ ሲቪል ክፍል ወራሽ የሆነውን ኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕንና የሌሎችን ዕዳ ተረከበ። የባንኩ ገንዘብ የሕዝብ ቁጠባ ነው፤ የመንግሥት ዕዳ የግብር ከፋዩ ዕዳ ነው። እኒያ አባት ባላገኙት ማዳበሪያ የመጣ ዕዳ እሳቸውም ላይ አለ።

*

ሜቴክ ራሱ በ2011 ዓ.ም. ተከፈለ፤ ወታደራዊው ክፍል ወደ መከላከያ፣ ሲቪሉ ለብቻው ሆነ። ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ትምህርቱን ግን ወስደናል?

በ2014 ዓ.ም. ለመከላከያ በመጀመሪያ የተያዘው በጀት 22 ቢሊዮን ብር ነበር። የሰሜኑ ጦርነት እየተካሄደ ጥር ላይ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ፤ ከዚያ ውስጥ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ነው። በቀጣዩ ዓመት 84 ቢሊዮን ተያዘ። አገር ሲወጋ ጦር ያስፈልጋል፤ የምሟገተው የጦር በጀት አይኑር ብዬ አይደለም። በቢሊዮን የሚቆጠረው ግዢ ከማን፣ በስንት፣ በምን ውድድር እንደተፈጸመ ቢያንስ ምስጢር መጠበቅ የሚችል የምክር ቤት ኮሚቴና የዋና ኦዲተሩ ሰው ያየዋል ወይ ነው ጥያቄዬ።

ዓለምም ተቀይሯል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. አንካራ ላይ ከቱርክ ጋር ወታደራዊ ስምምነት ተፈረመ። የቱርክን ድሮኖች የሚሠራው ባይካር የግል ኩባንያ ነው፤ ከባለቤቶቹ አንዱ የፕሬዚዳንት ኤርዶጋን አማች ነው። ልብ በሉ፣ ኩባንያውና ቤተ መንግሥቱ በጋብቻ ሲዛመዱ ማግባባት የሚባለው ነገር እራት ላይም ሊያልቅ ይችላል። ከላይ «አማችም ሚዜም» ያልኩት እዚያ ማዶ ቃል በቃል ሆነ።

እኔ የምጽፈው ደግሞ ከፍኖተ ሰላም ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተማችን ላይ ደረሰ በተባለው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዜና ወኪሎች ተናግረዋል። በምን መሣሪያ፣ በማን ትእዛዝ እያልኩ አልተነትንም። ከተማው ትንሽ ነው፤ ልቅሶው ግን ሁላችንም ቤት ገብቷል። ባዶ ጆንያ ይዘው ከተመለሱት አባት ጋር የተገናኘነው በዚያው ክረምት ነው። ማዳበሪያ በጠፋበት ክረምት ሰማዩ ያመጣው ሌላ ነገር ሆነ። የ1960ውን ያየ ሽማግሌ ዛሬም በሕይወት አለ፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለቴ።

*

ተማሪዬ፣ እንግዲህ መልሴ ይኸውልህ። አዎ፣ እንዲህ ያለ ኩባንያ ነበረን። ለፖለቲከኛ ጉቦ መስጠትም አግባቢ መቅጠርም ሳያስፈልገው፣ ሎክሂድ በማግባባት ብዙ የሚደክምለትን ነገር፣ ማለትም ያለ ውድድር ሥራን፣ ያለ ጠያቂ ገንዘብን፣ ከተቋቋመበት ቀን ጀምሮ አግኝቶ ነበር። አንተ በስልክህ የምታየው መዝገብ እኛ ጋ ያልኖረው ወጪው ስላልነበረ አይመስለኝም። የሚመዘግበው ወገን ሁሉ የተመዝጋቢው ዘመድ ስለነበረ ነው።

እና ምን ይደረግ? እኔ ኢኮኖሚስት አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። ከታሪክ ተነስቼ የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። የመንግሥት ድርጅትም ቢሆን፣ ወታደራዊም ቢሆን፣ የሕዝብ ሥራ ሲይዝ በጨረታ ይያዝ። ኦዲቱ ለምክር ቤት ብቻ ሳይሆን ጥይትና ምስጢር ያልሆነው ክፍል ለሕዝብ ይውጣ፤ ስኳርና ማዳበሪያ ምን ምስጢር አለው? ሥራው ሲቋረጥ ስንት ተከፈለ፣ ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ የሚል አንድ ገጽ ወረቀት በየቀበሌው ይለጠፍ።

ይህን የምለው አሁን ነገሩ ሊደገም ስለሚችል ነው። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ትልቅ የዩሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርሟል። ይሳካ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ፤ ቢሳካ ለጎጃም በቆሎ ከዚህ የበለጠ ምሥራች የለም። ግን ከማጨብጨባችን በፊት ዘንድሮ እንጠይቅ፦ መንግሥት ስንት ያወጣል፣ ድርሻው ምንድን ነው፣ መቼ ያልቃል፣ ካላለቀ ማን ይጠየቃል?

ያዩ ጊዜ አልጠየቅንም። እኔም አልጠየቅሁም፤ መምህር ሆኜ፣ ደንቡን እያወቅሁ፣ ዶክመንተሪውን ለተማሪዎቼ እንደ ምሳሌ እያነሳሁ። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ነበራችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

እኒያን አባት ዘንድሮ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ጤና ናቸው። ስለ ፋብሪካው አላነሱብኝም፤ እኔ ግን አነሳሁባቸው። የማውቀውን ሁሉ፣ ከደንቡ እስከ ዕዳው፣ መንገድ ዳር ቆመን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ የግድቡ የቦንድ ወረቀትና የዘንድሮ የግብር ደረሰኝ ነው። «የኔ ይኸው አለ መምህር» አሉ። «የእነሱንም አምጡ በላቸው።»

ይኸው ብያለሁ።

በያዩ፣ በበለስም ሆነ በግድቡ የሠራችሁ ካላችሁ የምታውቁትን አካፍሉን፤ የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ። ስድብ ግን አይፈቀድም፤ ክፍል ውስጥም አልፈቅድም ነበር።

ቸር እንሰንብት።